የሙላቱ አስታጥቄ ዳግመኛ ቅጂ

ከኢሉባቡሮቹ ከጎሬና ከመቱ በበደሌ በኩል የሚወስደው መንገድ የሚያደርስባት ጅማ፣ የኢትዮ ጃዝን አባት ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄን እ.ኤ.አ. በ1943 ያስገኘች ከተማ ናትና፣ እኒህ ሊቅ በእርጅናቸው ወራት የወጣትነት ድርሰቶቻቸውን እንደገና መቅረጻቸው ለኢሉባቡር ሰው የጎረቤት ደስታ ነው። በዌልስና በለንደን፣ ኋላም በቦስተኑ የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸውን በአሜሪካ አሳትመው፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር አዋሕደው ነበር።

በዚያ ዘመን ቅኝቱን በአመዛኙ የሚያዜሙት ቫይብራፎን፣ ኦርጋንና ሳክስፎን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» አልበም ውስጥ ግን፣ «የከርሞ ሰው»ን የመሰሉ ድርሰቶች በለንደንና በአዲስ አበባ ዳግመኛ ሲቀረጹ፣ የዜማው ጥንተ ባለቤቶች የሆኑት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ከምዕራባውያኑ መሣሪያዎች ጎን በማዕርግ ተቀምጠዋል።

የፊተኛውን ቅጂ መንካት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት ግን፣ ደራሲው ራሱ ከብዙ ዘመን ልምድ በኋላ የጀመረውን ሐሳብ ወደ ፍጻሜ ሲያደርሰው፣ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፤ ያስረዳዋል እንጂ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን የ«የከርሞ ሰው» ቅጂዎች አስከትለህ አድምጣቸው።