ተቀጥላው ከግንዱ ሲቀድም፦ «ስቶሪስ» የተሰኙት የቪዲዮ ጨዋታዎችና በወለጋ ከተሞች የሚገጥማቸው አቀባበል

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር፣ ነቀምት ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የቪዲዮ ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መድረክ ሲነሣ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ታሪክ የሚነገርበት ማናቸውም ነገር የእኛ ጉዳይ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከታወቀ ሥራ ተቀጥሎ የተሠራ ሥራ ዋናውን ከማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ምን ይሆናል? የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ከታወቀ ተከታታይ ሥራ ተነሥቶ፣ የዚያን ዓለምና ገጸ ባሕርያት ተውሶ፣ በራሱ መንገድ የሚሄደውን ሥራ «ተቀጥላ» እለዋለሁ። ቃሉ ከእርሻ የመጣ ነው። ተቀጥላ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ከዛፉ የሚመገብ ተክል ነው። የቡና ገበሬ አይወደውም፤ ባየው ጊዜ ቆርጦ ይጥለዋል። በጥበብ ሥራም ላይ ይህ ጥርጣሬ አለ። ተቀጥላ ሥራ የሌላውን ስም እየመጠጠ የሚኖር ነው ይባላል። ፍርዱ ትክክል ይሁን አይሁን በአንድ ምሳሌ እንመርምር።

ምሳሌዬ «ግራንድ ቴፍት አውቶ» ከተባለው፣ ወጣቶች «ጂቲኤ» እያሉ ከሚጠሩት የጀብዱ ጨዋታ የተቀጠሉ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ዋናው ግንድ በ2001 በሦስተኛው ክፍል፣ በ2002 በ«ቫይስ ሲቲ»፣ በ2004 ደግሞ በ«ሳን አንድሪያስ» እጅግ ገነነ። ከዚያም ሮክስታር ሊድስ የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ከሮክስታር ኖርዝ ጋር ሆኖ፣ በኪስ ለሚያዘው የፕሌይስቴሽን መሣሪያ ለፒኤስፒ፣ በ2005 «ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ»ን፣ በ2006 «ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ»ን አወጣ። ሁለቱም አዲስ ከተማ አልፈጠሩም፤ ተጫዋቹ ወደሚያውቃቸው ከተሞች ተመልሰው ከዋናው ታሪክ በፊት የሆነውን ይተርካሉ። የመጀመሪያው በ1998፣ ሁለተኛው በ1984 የተደረገ ሆኖ ቀርቧል። ባለ ታሪኮቻቸውም በዋናዎቹ ጨዋታዎች በጥቂቱ ብቻ ታይተው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቶኒ ቺፕሪያኒ በ2001ዱ ጨዋታ ሥራ ከሚያዝዙት አለቆች አንዱ ነበር። ቪክ ቫንስ ደግሞ በ2002ቱ ጨዋታ መክፈቻ ላይ ለአፍታ ታይቶ የሚገደል ሰው ነው።

ጨዋታዎቹ በወጡበት ዓለም የገጠማቸው አቀባበል ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል፣ ሙሉ ከተማ በእጅ መዳፍ ላይ መያዙ ብዙዎችን አስደነቀ። በሌላ በኩል፣ አድናቂው ዋናውን በልቡ ይዞ ስለ መጣ የጎደለውን ቆጠረ። በ«ሳን አንድሪያስ» መዋኘት ተችሎ ሳለ በ«ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ» ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ይሞታል። ፒኤስፒ አንድ መዘውር ብቻ ስላለው ዕይታን ማዞርና ማነጣጠር አስቸጋሪ ሆነ። ስለ ታሪኩም ክርክር ተነሣ። በተቀጥላው አደንዛዥ ዕፅን የሚጸየፈው ቪክ፣ በዋናው መክፈቻ ላይ ዕፅ ሲሸጥ መገደሉ ይጣጣማል ወይ? አሳታሚውም በበኩሉ ደረጃቸውን ለይቷል። በ2021 ሦስቱን ዋና ጨዋታዎች አድሶ በአንድ ጥራዝ ሲያወጣ ሁለቱን «ስቶሪስ» አላካተተም። «ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ» ለኮምፒዩተር ወጥቶ ስለማያውቅ አድናቂዎች ራሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው ወደ ኮምፒዩተር ሊያሻግሩት ደክመዋል። እንግዲህ አሳታሚው ወደ ጎን የተወውን ተቀጥላ አድናቂው እየተንከባከበ አቆይቶታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስረዳልን አንድ የታወቀ አስተሳሰብ አለ። ጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሃንስ ሮበርት ያውስ በ1967 በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ የአንድ ሥራ ታሪክ የጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የተቀባዮቹም ታሪክ ነው አለ። አንባቢ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቀድሞ ካነበበው የተቀዳ ግምት ይዞ ይመጣል። ያውስ ይህን ግምት በአድማስ መሰለው። ሥራው የሚመዘነው በዚያ አድማስ ፊት ቆሞ ነው። የውጭው አድናቂ «ይህ ጎደለ፣ ያ አልተጣጣመም» ያለው ዋናው ጨዋታ አድማሱ ስለ ነበረ ነው። ታዲያ ተቀባዩ ሌላ አድማስ ይዞ ቢመጣስ?

አሁን ወደ አካባቢያችን ልምጣ። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ያለ ወጣት ጨዋታ የሚያገኝባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በዚያ ግን ተጫዋች እየተፈራረቀ፣ በጨዋታ ወይም በደቂቃ እየከፈለ ስለሚጫወት የሚነግሠው እግር ኳስ ነው፤ ረጅም ታሪክ ከዳር ለማድረስ አይመችም። ሁለተኛው የእጅ ስልክ ነው። በ2012 ስዊድናዊው ሄንሪክ ሪድጎርድ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከለቀቀ ወዲህ የፒኤስፒ ጨዋታዎች በተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ መሥራት ችለዋል። የአንድ ፒኤስፒ ዲስክ አቅም ከ1.8 ጊጋባይት አይበልጥም። ስለዚህ ጨዋታው በሚሞሪ ካርድ ላይ ይሰፍራል፤ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት አይሻም፤ ምዝገባም አይጠይቅም።

ኢንተርኔት አለመሻቱ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዛሬዎቹ ታላላቅ ጨዋታዎች ግን በየቀኑ መረብ ላይ መገኘትን፣ በየወሩ መታደስን፣ በውጭ ምንዛሪ መክፈልን ይጠይቃሉ። ግንዱ ሩቅ ነው፤ ተቀጥላው ግን እጃችን ላይ ነው። በመሆኑም በእኛ ከተሞች የ2002ቱን «ቫይስ ሲቲ» ሳያይ በ2006ቱ ተቀጥላ የሚጀምር ተጫዋች ይኖራል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ተጫዋች ተቀጥላው ተቀጥላ አይደለም፤ የታሪኩ መጀመሪያ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ የቪክን ታሪክ በሁለት ተጫዋቾች ዓይን እንየው። ቪክ አሥር አለቃ ወታደር ነው። የታመመ ወንድሙን ለማሳከም ገንዘብ ያስፈልገዋል። አለቃው ሃምሳ አለቃ ማርቲኔዝ በገንዘብ አባብሎ ወደ ኮንትሮባንድ ያስገባዋል፤ ነገሩ ሲገለጥም ቪክ ከጦሩ ይባረራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እየተጠላ የሚገባበት፣ ከገቡም በኋላ የማይወጡበት መንገድ ነው። በመጨረሻ ጠላቶቹ ወድቀው፣ ቪክ ከሌላው ወንድሙ ከላንስ ጋር ቆሞ፣ ከዚህ በኋላ ድምፅን አጥፍቶ መኖር እንደሚሻል ይናገራል።

ዋናውን የሚያውቀው ተጫዋች ይህን ሲሰማ ልቡ ይሰበራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ በሌሊት የዕፅ ርክክብ ላይ ቪክ እንደሚገደል፣ ላንስም እንደማይተርፍ ያውቃልና። ለእርሱ ጨዋታው ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ የሟች ታሪክ ነው። ዋናውን የማያውቀው ተጫዋች ግን በዚያው ትዕይንት ላይ አንድ ሰው ብዙ ዋጋ ከፍሎ ከክፉ መንገድ ሲወጣ ያያል። ለእርሱ ታሪኩ የመዳን ታሪክ ነው። ቃሉ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሁለት ሆነ። ይኸው ሁለተኛው ተጫዋች ቆይቶ «ቫይስ ሲቲ»ን ቢያገኝ፣ ሌላው ተጫዋች የማያስታውሰውን የአንድ አፍታ ሟች እንደ ወዳጅ ያለቅሰዋል። የጎን ገጸ ባሕርዩን ፊል ካሲዲንም አስቡት። በ1984 ሁለት እጅ አለው፤ በ1986ቱ ታሪክ ግን አንዱን ያጣል። ዋናውን ቀድሞ ያየ ሰው በተቀጥላው ሙሉ እጁን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ተቀጥላውን ቀድሞ ያየ ሰው ግን በዋናው ይደነግጣል።

እንዲህ ያለው አቀባበል ለእኛ አዲስ አይደለም። በኦሮሞ ባህል ማታ እሳት ዳር የሚነገረውን ኦዱ ዱሪ የሰማ ልጅ፣ የእንስሳቱን ተረቶች በቅደም ተከተል አልሰማቸውም። አንዱ ተረት ዋና፣ ሌላው ተቀጥላ ነው ያለውም የለም። ከየትኛውም ይጀመራል፤ የሰማው ሁሉ ቀስ በቀስ በልቡ አንድ ዓለም ይሆናል። አስቴር ጋኖ ከልጅነት ትዝታዋ ያወጣቻቸውን ተረቶች ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር አዘጋጅታ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ባታኖራቸው ኖሮ፣ ያ ትውልድ ምን እንደ ሰማ የምናውቅበት ማስረጃ እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው ኑሯቸውን በነቀምት ማድረጋቸውን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ከእነርሱ የምንማረው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን የልጆች ጨዋታ ጽፈው አቆዩት።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው የወላጆች ነው። ጨዋታዎቹ ወንጀልና ግድያ የሞሉባቸው ናቸው። እውነት ነው፤ በአውሮፓው የዕድሜ ምደባ ሁለቱም ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብለው የተመደቡ ናቸው። ስልክ ላይ በዜንደር የሚመጣ ቅጂ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ ከሽፋኑ ጋር ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ለሕፃናት አይገቡም ብሎ መከልከል የወላጅ ድርሻ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰውን ግን «ጊዜህን አታጥፋ» ከማለት ይልቅ «ቪክ ለምን ገባበት? መውጫ ነበረው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ዋናውን ያላየው ተጫዋች ወንጀል ያለ ዋጋ የሚቀር መስሎት ሊቀር ይችላል፤ የቪክን ፍጻሜ መንገር የመምህር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመብት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቅጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጠ ነው። «ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ» በ2016 ለአንድሮይድ በሕጋዊ መንገድ ወጥቷል፤ «ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ» ግን ለስልክ ወጥቶ አያውቅም። የምንወደውን ነገር በሕጋዊ መንገድ የምናገኝበት በር መጥበቡ ቅጂውን ትክክል አያደርገውም። ነገሩም ወደ ራሳችን ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ከአገራችን ሕይወትና ጨዋታ አንሥቶ ለስልክ ሠርቷል። ነገ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ተማሪ ከኦዱ ዱሪ ተነሥቶ ጨዋታ ቢሠራ ማንም ሳይከፍለው ሥራው በዜንደር ይዞር ዘንድ አይወድም። ዛሬ የምናከብረው የሌላው መብት ነገ የእኛ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ መነሻችን ጥያቄ ስመለስ መልሴ ይህ ነው። «ተቀጥላ» የሚለው ስም የሥራው ጠባይ አይደለም፤ ተቀባዩ የተገናኘበት ቅደም ተከተል ነው። ገበያው ለእኛ ያደረሰን ትርፍራፊ ነው ብለን ወጣቶቻችንን መናቅ የለብንም። እነርሱ በራሳቸው ቅደም ተከተል የራሳቸውን ትርጉም እየሠሩ ነው። የሚያሳዝነው ግን የውጭው አድናቂ ክርክር ተጽፎ ሲቀመጥ፣ የእኛ ወጣት አቀባበል ሚሞሪ ካርዱ በተበላሸ ቀን አብሮ መጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ አደራ እሰጣለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትሹ ወደ ሰፈራችሁ፣ ወደ ትውልድ ከተማችሁ ተመለሱ። ተጫዋቾችን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አነጋግሩ። የትኛውን ጨዋታ ቀድመው አገኙ? ታሪኩን በእንግሊዝኛ እየሰሙ እንዴት ተረዱት? ለታናናሾቻቸው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ሲተርኩት ምን ጨመሩበት፣ ምንስ ተዉለት? መልሳቸውን በአፋቸው እንደ መጣ ጻፉት። ሰው የቅርቡን ካልጻፈ የሩቁ ጸሐፊ አይጽፍለትም።