የመጀመሪያ ምጥ በ16 እና በ38

ላስታ ውስጥ ገነተ ማርያም አካባቢ ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» ይላል፤ በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። የመጀመሪያ ምጥ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። ልጅነትም ሆነ 35ን ማለፍ የእርግዝናና የወሊድ አደጋን ይጨምራሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ለአገራችን የሚብሰው ልጅነቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል፤ በአዲስ አበባ 3 በመቶ ብቻ። የወር አበባ አየች ማለት ዳሌዋ ጠና ማለት አይደለም። ቁመቷ ከቆመ በኋላም የዳሌ አጥንት ገና ይሰፋል። በምግብ እጥረት ያደገች ከሆነ ደግሞ ጠባብ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሕፃኑ ጭንቅላት እዚያ ሲቀረቀርና ምጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲዘልቅ ፊኛዋን ከአጥንቱ ጋር ጨፍልቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ይበሳል፣ ሽንቷም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ሕጉ በመርህ ደረጃ ከ18 በፊት ጋብቻ የለም ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ግን ዕድሜ አባት እንደተናገረው ነው።

35 ሲያልፍ ችግሩ ከዳሌ ይልቅ ደም ግፊት፣ ስኳርና የእንቁላል ዕርጅና ነው። የፅንስ መጨንገፍ ይበዛል፤ በዳውን ሲንድረም የሚወለድ ልጅ በ25 ዓመት ከ1,250 አንድ ገደማ ሲሆን በ40 ከ100 አንድ ይደርሳል። ታዲያ 35 ገደል አይደለም፤ አደጋው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ አብዛኞቹም ጤነኛ ልጅ ይታቀፋሉ።

ሁለቱንም ወገን የሚያሰጋው የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ በመጀመሪያ እርግዝና ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይበዛል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ «ያልፋል» ብሎ ማደር አይገባም፤ ግፊቱ ወደ መንቀጥቀጥ ሊለወጥ ይችላል።

ከላስታ ዳገት በቃሬዛ መውረድ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት ደግሞ ሰዓታት የሏትም። ስለዚህ ልጅ የሆነች ወይም 35 ያለፈች፣ የበኩር ልጇን የምትወልድ እናት፣ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው፣ ቀኗ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትገባ ይበጃታል። አማቷም ገንፎውን እዚያው ታገንፋለች።