የውሃ በር

ኦክስጅን የሴልን ሽፋን ያለ አጋዥ ያልፈዋል። ከበዛበት ወደሚያንስበት ሲሄድ ሴሉ ምንም ጉልበት አያወጣም። ግሉኮስ ሽፋኑ የቅባት ስለሆነበት አሳላፊ ፕሮቲን ይሻል። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ውሃ ነው።

ውሃ በቅባቱ መሐል ጥቂት በጥቂት ይሾልካል። የቀይ ደም ሴል ውሃ የሚያሳልፍበት ፍጥነት ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም ነበር። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ ባልቲሞር ውስጥ የአር ኤች ደም ዓይነትን ፕሮቲን ሲያጠራ አንድ ያልፈለገው ትንሽ ፕሮቲን አብሮ እየመጣ አስቸገረው። ሥራውን ለማወቅ እሱና ባልደረቦቹ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን አር ኤን ኤ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ከተቱ። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ ሳይፈነዳ የሚከርመው ውሃ በቀላሉ ስለማያስገባ ነው። አር ኤን ኤው የገባበት እንቁላል ግን ጨው ባነሰው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር በደቂቃዎች አብጦ ፈነዳ፤ ያልተነካው እንደነበረ ቆየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ፣ ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ፣ አግሬም በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። በአንዱ በር በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ገደማ የውሃ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ።

ተማሪዎቼን የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። «አኳፖሪን ውሃ ይስባል» ብለው ይጽፋሉ። አይስብም! ክፍት በር ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ያ እንቁላል ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ቢገባ በዚያው በር ውሃው ወጥቶ ይኮማተር ነበር። ኩላሊታችንም ውሃ መቆጠብ ሲያሻው የሚያደርገው በሮቹን ማብዛት ነው፤ ውሃውን ወደ ደም የሚመልሰው በውጭ ያለው የጨውና የዩሪያ ክምችት ነው።

የአንጀት ግድግዳም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። አንድ ቀን ተቅማጥ የያዘው የጎረቤት ልጅ ልጠይቅ ስገባ አያቱ የ1 ሊትሩን ኦአርኤስ በግማሽ ሊትር ውሃ ሲበጠብጡ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ውሃው አነሰ እኮ» አልኳቸው።

«ጠንከር ብሎ ቶሎ እንዲያድነው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እንዲህ የወፈረ ውህድ ውሃውን ከልጁ ደም ወደ አንጀቱ ያወጣዋል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ሌላ ፓኬት ቀድደን በሙሉ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጥነው።