ነርሲንግ ተምሮ «ዶክተር» መሆን ምን ማለት ነው?

የነርሲንግ ተማሪ የሆኑ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን «ከዲግሪ በኋላ መንገዳችን እስከ የት ነው?» ይላሉ። እኔ የምህንድስና ተማሪ ብሆንም የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በነርሲንግ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት አለ። ፒኤችዲ አዲስ እውቀት ይፈልጋል። የተግባር ዶክትሬት፣ በምህጻሩ ዲኤንፒ፣ የተገኘውን እውቀት ታማሚው ዘንድ ማድረስ ያስተምራል። ዲኤንፒ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ።

ልዩነቱን በአካባቢያችን እንየው። በ1997 ዓ.ም. በጣራ ገዳም ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ፣ ካላዛር መግባቱ ተረጋገጠ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ሕክምናው ለ30 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን አሳጠሩት። ይህ የፒኤችዲ ዓይነት ሥራ ነው።

ግን ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ታማሚ ጤና ጣቢያው እንዴት ቶሎ ይለየው? ገበሬው አጨዳ ደርሶበት መርፌውን እንዳያቋርጥ ምን ይደረግ? የተግባር ዶክትሬት የሚሠራው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። በእኛ ሙያ አንዱ ንድፉን ያወጣል፣ ሌላው ሳይት ላይ ያቆመዋል።

ለመማር የምታስቡ፦ ፕሮግራሙ የምርምር ይሁን የተግባር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማዕረጉ ብቻውን ሐኪም አያደርግም፤ የሥራ ወሰናችሁን የሚወስነው የየአገሩ የሙያ ፈቃድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዋርድ ውስጥ ሥሩ፤ ደጋግሞ የሚያስቸግራችሁን ነገር መዝግቡ። የመመረቂያ ሥራችሁ ከዚያ ይወጣል።

ነርስነትን የሚያሳንስ ሲገጥማችሁ፣ በነቢዩ ﷺ መስጂድ ድንኳን ተተክሎላት ቁስለኞችን ያከመችውን ሩፈይዳን አስታውሱት። አላህ ያግራላችሁ።