ግዙፉ ከሣጥኑ አይወጣም

ቁመቱ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነን የፕላስቲክ ቅርጽ «ግዙፍ» ብሎ መጥራት ቀልድ ይመስላል። ከቡና ጀበና ያንሳል፤ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ከመደርደሪያ ቢወድቅ ይሰበራል። ጠረጴዛ ላይ ዙሪያውን የሚከቡት ወታደሮች ግን ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአውራ ጣት ግማሽ ነው፤ ከእነርሱ ጎን ሲቆም ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያክላል። ምናባዊ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ባለ ዱላ ግዙፍ ወይም ባለ ክንፍ ድራጎን ገጣጥመው ቀለም ለመቀባት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልፋቱ ትንሹን ወታደር የመቀባት ልፋት ተባዝቶ ነው። እኔ ግን አይደለም እላለሁ። ትልቁ ቅርጽ ያደገ ትንሽ ቅርጽ አይደለም፤ የሚገዛበት ሕግ ሌላ ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው ብዙ ፕላስቲክ ነው፤ ግዙፍነቱን የሚፈጥረው፣ ካወቀበት፣ ብሩሽ የያዘው ሰው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ሁለት ተጫዋቾች ኮረብታና ፍርስራሽ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ርቀቱን በመለኪያ ሜትር ይለካሉ፤ ማን መታ ማን ሳተ የሚለውን ዳይስ ጥለው ይለያሉ። ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 በፕሩስያ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የቀረበው የጦር ጨዋታ ሠራዊቱን የሚወክለው በቀይና በሰማያዊ ቁርጥራጮች ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለ መጽሐፉ የአሻንጉሊት ወታደሮችን ወለል ላይ አሰልፎ በስፕሪንግ በሚተኩስ መድፍ ለማዋጋት ደንብ አወጣ። ዛሬ ገበያውን የሚመራው ኩባንያ ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ፤ መቀመጫው አሁን ኖቲንግሃም ነው። ዋርሃመር የተባለውን ጨዋታ በ1983፣ በሩቅ መጪ ዘመን ላይ የተመሠረተውን ዋርሃመር 40,000ን ደግሞ በ1987 አወጣ፤ በዚያው ዓመት ጎልደን ዴመን የተባለው የቅብ ውድድር ተጀመረ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ጨዋታው ለመጫወት ቅርጽ አያስፈልገውም፤ ፕሩስያውያኑ በቁርጥራጭ ተጫውተውታል። ቅርጹ የመጣው ለዓይን ነው። ስለዚህ ለዓይን ተብሎ የሚሠራው ሥራ በጨዋታው ላይ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ ቅርጹ ጠረጴዛው ላይ የተገኘበት ምክንያት እርሱ ራሱ ነው።

ትልቅ ነገር የትንሽ ነገር ብዜት እንዳልሆነ ጋሊሊዮ አስረድቷል። በ1638 ላይደን ከተማ ውስጥ በታተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ፣ ግዙፍ ሰው የእኛን አጥንት በቁመቱ ልክ አሳድጎ ብቻ ሊቆም እንደማይችል ጻፈ፤ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ለማሳየትም ደንደን ያለ፣ ቅርጹ የተበላሸ የሚመስል አጥንት ሣለ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ቁመት ሁለት እጥፍ ሲሆን የገጽ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የእኛ ግዙፍ ከወታደሩ በቁመት ስድስት ጊዜ ይበልጣል፤ የሚቀባው ቆዳ እንግዲህ 36 እጥፍ ነው፤ ውስጡ ድፍን ቢሆን ኖሮ ክብደቱ 216 እጥፍ በሆነ ነበር። ቅርጾቹ ከቀለጠ ብረት በሚሠሩበት ዘመን ይህ ሒሳብ በተግባር ይቀጣ ነበር። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ እርሳስ የገባበት ድብልቅ ነበሩ፤ ከዚያም ቆርቆሮ የሚበዛበት እርሳስ አልባ ድብልቅ ተተካ። ሙጫው የሚይዘው ገጽ በስፋት ሲያድግ የሚሸከመው ክንፍ በክብደት ያድጋልና የድራጎኑ ክንፍ ከትከሻው ይገነጠል ነበር። መድኃኒቱ አናጺ የሚያውቀው ነው፤ ሁለቱንም ወገን በትንሽ መሰርሰሪያ በስቶ፣ ሽቦ አስገብቶ፣ ከዚያ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ። ዛሬ ትልልቆቹ ቅርጾች የሚሠሩት ከፖሊስታይሪን ነው፤ ክብደቱ ከውኃ እምብዛም አይለይም፣ እርሳስ ግን ከውኃ 11 ጊዜ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ ውስጣቸው ባዶ ነው። በ2014 የወጣው ናጋሽ የተባለው የሙታን ጌታና በ2020 የወጣው ሜጋ ጋርጋንት የተባለው ግዙፍ ይህን ያህል ሊገዝፉ የቻሉት በዚህ ነው። የኋለኛው በተለይ ደስ የሚል ብልሃት አለው፤ ከአንድ ሣጥን ከሦስት ዓይነት ግዙፎች የፈለጉትን መርጦ መገጣጠም ይቻላል።

መገጣጠሙ ራሱ ትልቁ ቅርጽ ምስጢሩን ማውጣት የሚጀምርበት ነው። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ በመቁረጫ ይለቀቃሉ፤ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫዎች የተጋጠሙበት ቀጭን ጠባሳ በካተርና በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። የፕላስቲኩ ሙጫ እንደ ሌላው ሙጫ መሐል ገብቶ አይለጥፍም፤ ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ አንድ ያደርጋል፣ እንደ ብየዳ። ይህ ሁሉ ለወታደሩም ይሠራል። ልዩነቱ የሚመጣው ስንጥቅ ላይ ነው። እንደ ካርታ መስፈርት ብናስበው ጠረጴዛው 1 ለ 60 ገደማ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት በግዙፉ ጀርባ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገደል ይሆናል ማለት ነው። በወታደሩ ላይ ክፍተቱ ከቀበቶ ወይም ከልብስ እጥፋት ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። በግዙፉ ራቁት ሆድ ላይ መደበቂያ የለውም፤ «እኔ ከሁለት ቁራጭ የተጣበቅሁ ፕላስቲክ ነኝ» ብሎ ይናገራል። ስለዚህ ሠሪው እንደ ግድግዳ ቀቢ ስቱኮ ያበጃል፤ ሁለት ሊጥ መሰል ውሁዶች ተለውሰው አረንጓዴ የሚሆኑበት ኤፖክሲ አለ፤ ክፍተቱን በዚያ ሞልቶ፣ በእርጥብ መሣሪያ አለስልሶ፣ ከደረቀ በኋላ መልሶ ይፍቀዋል። ቀለም ሳይነካ ብዙ ምሽት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የማያደንቀው ሥራም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ከተሳካ አይታይም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ትንሹን ወታደር የሚቀባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ማጋነንን ነው። ጥላውን ከሚገባው በላይ ያጠቁራል፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ከሚገባው በላይ ያነጣል፤ በጥሩሩ ጠርዝ ላይ የፈካ ቀጭን መስመር ይስባል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ ብርሃን የሚገባው ከመስኮት ነው፤ ለወታደሩ መስኮቱ ከፀሐይ ይልቅ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ነው። ሰፊ ብርሃን ጥላን ያጠፋል፤ ደመና በዋለበት ቀን ጥላችን እንደሚጠፋብን ማለት ነው። ርቀትም አለ። በ1 ለ 60 መስፈርት ከ1 ሜትር የምናየው ወታደር 60 ሜትር ርቆ እንደቆመ ሰው ነው፤ በዚያ ርቀት አፍንጫና አገጭ ሳይጋነኑ አይለዩም። ቀቢው እንግዲህ የጎደለውን ፀሐይ በቀለም ይተካል። በግዙፉ ላይ ግን ይኸው ልማድ ጠላት ይሆናል። ወታደሩ ላይ የተሳበው ግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዓይን ይህን ይቅር ይላል፣ ያለ እርሱ ማየት አይችልምና። ጀማሪው ወደ ግዙፉ ሲሸጋገር ቅርጹ ስድስት እጥፍ ስለሆነ መስመሩንም በዚያው ልክ ያሰፋዋል። በቀበቶው ጠርዝ ላይ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የብርሃን ጅራፍ ይወጣል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የለም። ዓይን ይህን ሲያይ «ብርሃኑ ሰፋ» አይልም፤ «ነገሩ ትንሽ ነው» ይላል። የአንድን ነገር ትልቅነት የምንገምተው ባገኘንበት እጅግ ቀጭን ነገር ነውና። ስለዚህ ቅርጹ በገዘፈ ቁጥር መስመሩ መክበድ ሳይሆን እንደነበረ መቅጠን አለበት፤ ቆዳው 36 እጥፍ ሲሰፋ ብሩሹ አይወፍርም። የፊልም ሰዎችም ይህን ያውቁታል፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» ሲቀረጽ ሚናስ ቲሪት የተባለችው ከተማ በ1 ለ 72 መስፈርት ክፍል ሙሉ ተደርጋ የተሠራችው ጥቃቅን ዝርዝር እንድትሸከም ነው።

በቆዳው ላይ ነገሩ ይብሳል። በአንድ ቀለም የተቀባ ወታደር ፊት ያልፋል፤ በአንድ ቀለም የተቀባ የግዙፍ ሆድ ግን የታጠበ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ሥጋ አንድ ቀለም የለውም። ጉልበት፣ ክርንና የጣት መጋጠሚያ ደም ስለሚቀርባቸው ይቀላሉ፤ ከዓይን ሥር ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ፀሐይ የማያገኘው ብብት ይገረጣል። ቀቢው በመጀመሪያ ቅርጹን ጥቁር ፕራይመር ይቀባል፤ ከዚያ ከላይ ብቻ ነጭ ይረጫል፣ ሰማዩ ከየት እንደሆነ እንዳይስት። ሰፊውን ገጽ በኤርብረሽ ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ትዕግሥት ነው፤ በውኃ የሳሳ ቀለም እንደ ባለቀለም መስታወት ደጋግሞ መደረብ፣ በብሩሽ ጫፍ ነጠብጣብ መወጋት፣ ጠባሳና ጅማት መጨመር። «ለዚህማ መፍትሔ ተገኘ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2019 ኮንትራስት የተባለው ቀለም ወጥቷል፤ በነጭ ላይ አንዴ ሲቀባ ወደ ስርጉዱ ይፈስና ጥላውን፣ ጉብታው ላይ ይሳሳና ብርሃኑን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለወታደሩ ድንቅ ነው፣ ልብሱ በሙሉ ስርጉድና ጉብታ ነውና። በግዙፉ ለጥ ያለ ጭን ላይ ሲፈስ ግን የሚገባበት ስርጉድ ያጣል፤ እንደደረቀ ኩሬ ዳር ዳሩን አጥቁሮ ይቀራል። አቋራጩ ትንሹ ላይ ሠርቶ ትልቁ ላይ እምቢ ማለቱ ሁለቱ የአንድ ሥራ ደረጃዎች ላለመሆናቸው ከእኔ ቃል የተሻለ ምስክር ነው።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞም አለ። የአምራቹ የራሱ ቀቢዎች ትልቁንም ትንሹንም ጠርዙን ሁሉ አጥርቶ በሚያሳይ ደማቅ አቀባብ ይቀባሉ፤ ብዙ ሰውም ይወደዋል፤ «ግዙፍ መምሰል አለበት» ያለው ማን ነው? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ለእኛ ደግሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚወጋው ደራጎን ከፈረሱ እግር በታች የተጠቀለለ ነው፤ ከደራጎኑ የሚያድናት ልጃገረድ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ታያለች፤ ማንም «ዘንዶው አነሰ» ብሎ አይከስም፤ በዚያ ሥዕል መጠን የክብር ምልክት እንጂ የሜትር ጉዳይ አይደለም። ደማቁ የስቱዲዮ አቀባብም እንዲሁ ምልክት ነው፤ የተሠራው ለሣጥን ፎቶግራፍ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ እይታ እንዲነበብ። በፎቶግራፍ ውስጥ ግዙፉ ብቻውን ስለሚቆም የሚወዳደረው የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን ጎኑ ወታደሮች አሉ፤ ዓይን ሳይጠየቅ ያወዳድራል። ስለዚህ ደማቁን አቀባብ ስህተት አልለውም፤ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ እለዋለሁ።

«የልጅ መጫወቻ ነው» የሚለውን ረጅም መልስ አልሰጠውም፤ ዌልስ መጽሐፉን ሲያወጣ ዕድሜው ከ45 አልፎ ነበር። «ደንቡ ለቀለም ግድ የለውም» ለሚለውም በ2020 የወጣው የዋርሃመር 40,000 ደንብ ቀለም ለተቀባ ሠራዊት 10 ነጥብ መስጠቱን ማስታወስ ይበቃል። ዋጋው ውድ ነው ለሚል ደግሞ መልስ የለኝም፤ ውድ ነው። የቅርጽ ማተሚያው ጥያቄ ግን ያሳስባል። ዛሬ በቤት ውስጥ በፈሳሽ ሬዚን የሚሠራ ማተሚያ ያለው ሰው የፈለገውን ድራጎን ሌሊቱን አትሞ ሊያድር ይችላል፤ ፋብሪካም፣ ሣጥንም አያስፈልገውም። ሆኖም ማተሚያው ቅርጹን እርከን በእርከን ይገነባል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ እርከን በእኛ መስፈርት 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወታደሩ ላይ ማንም አያየውም፤ በድራጎኑ ሰፊ ክንፍ ላይ ግን ቀለም ሲያርፍ እንደ እርሻ ትልም ይወጣል፤ እንደገና ብርጭቆ ወረቀቱ ይነሣል። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ያስቆጣል፣ ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ይጎዳልና ጓንትና ማስክ የግድ ነው። ማተሚያው ቅርጹን አርክሶታል፤ ግዙፍነቱን ግን ገና ማተም አልቻለም።

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ ከመቆሚያው ይጀምራል። አንድ ድንጋይ ብቻ ለጥፎ መተው ይቻላል፤ ድንጋይ ግን መጠን የለውም፣ ጠጠርም ገደልም ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ጋሪ፣ በር፣ አጥር፣ የተጣለ ጋሻ ግን መጠናቸውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ከግዙፉ ተረከዝ ሥር አንዱ ሲገኝ ቁመቱ ያለ ቁጥር ይነበባል። ከዚያ ዓይኑ ይቀራል። ወታደሮች ዓይናቸው ፊት ለፊት ቢቀባ ያምራል፣ ጠላታቸው በቁመታቸው ነውና። የግዙፉ ብሌን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ቢቀመጥ አሻግሮ አድማሱን፣ ማለትም የተጫዋቹን ሸሚዝ ቁልፍ ያያል። ብልህ ቀቢ እስትንፋሱን ይዞ ብሌኑን ወደ ታችኛው ሽፋሽፍት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ወታደሮች ሊቆሙበት ወዳለው ቦታ።