ወባ ያልሆነው ትኩሳት

በወድ ኤል ሒለው ልጅ ሲያተኩሰው ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው «ወባ ነው» ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ተወስዶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልጁ እየከሳ ከሄደና ሆዱ በግራ ጎኑ ካበጠ ካላዛር ሊሆን ይችላል።

ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ ያሳስታል፤ በእኛ አካባቢ የምትገኘው በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ መሬት፣ ግራርና ላሎብ በሚበቅልበት ነው። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ የምትነክሰውም ማታ ነው። ገዳሪፍን፣ ሑመራንና መተማን ድንበር ቢለያያቸውም አፈራቸው ስለሚመሳሰል በሽታውን ይጋራሉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ወገኖቻችን ሜዳ ላይ ስለሚያድሩ በብዛት ይያዛሉ።

ከወባ ጋር መምታታቱ ምን እንደሚያስከትል በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ታይቷል። እዚያ ካላዛር ሲገባ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በሽታው ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ። ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላልና። ምርመራው ግን ዛሬ ቀላል ነው፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል።

በአካባቢያችን አገሮች ሲሰጥ የቆየው ሕክምና በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን ነው። 34 መርፌ ማለት ነው፤ ለአንድ ልጅ ገላ ብዙ ነው። ከሁለቱ አንዱ ልብን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል፦ ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት፣ በቀን ከአንድ የፓሮሞማይሲን መርፌ ጋር፣ ለ14 ቀን። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ 439 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ከስድስት ወር በኋላ በአዲሱ የዳኑት 91.2 በመቶ፣ በቀድሞው 91.8 በመቶ ነበሩ፤ በፈዋሽነት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እኛን ከቁጥሩ በላይ ያስደሰተን ጥናቱ የተካሄደበት ቦታ ነው። ጎንደርና አብደራፊ፣ በገዳሪፍም ዶካና ኡም ኤል ኸይር ይገኙበታል፤ ከአራት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችም ተካተዋል። መድኃኒቱ የተፈተነው በሩቅ አገር ሰው ላይ አይደለም።

ሚልቴፎሲን ማስታወክ ስለሚያመጣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እናቶች ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁም ይንገሩ።

ሕክምናው ልጁን ሁለት ሳምንት ያህል ከክፍል ያስቀራል። በዚህ ምክንያት ስሙን ከመዝገብ አንሰርዝም፤ ያመለጠውንም ትምህርት እናካክሳለን። አንዳንዱ ከዳነ ከወራት በኋላ ፊቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፤ በሱዳን ይህ የተለመደ ነው። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። በመነካካት ስለማይተላለፍ ተማሪው ከወንበር ጓደኛው ጋር እንደ ወትሮው ይቀመጣል፤ መምህራንም ይህን እንዲያውቁ አድርገናል።