ደመወዛቸውን የለኩ ወታደሮች

በ1654 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዝ አየርላንድን ድል አድርጋ ጨርሳለች፤ ለድሉ የምትከፍለው ገንዘብ ግን የላትም። የወታደሩ ደመወዝ ተወዝፏል። ጦርነቱን በገንዘባቸው የደገፉ የለንደን ባለሀብቶችም እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሁሉም ከተሸነፉት ካቶሊኮች በሚወረስ መሬት ይከፈላቸው ተባለ። መሬት ለማከፋፈል ግን በቅድሚያ መለካት ያስፈልጋል።

በ13 ወር ለክቼ አስረክባለሁ ብሎ የተዋዋለው ቀያሽ አልነበረም፤ የጦሩ ዋና ሐኪም ዊሊያም ፔቲ ነው። በ1650 በኦክስፎርድ ተሰቅላ ሞታለች ተብላ አስከሬኗ ለምርመራ የቀረበችን ሴት፣ እስትንፋስ እንዳላት ሲያይ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያዳነ ሰው ነው። አካልን ከፋፍሎ ማየት የለመደው ሐኪም የቅየሳውንም ሥራ ከፋፈለው።

እስከዚያ ድረስ አንድ ቀያሽ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ አስልቶ፣ ካርታውንም ራሱ ይሥል ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም። ፔቲ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ቀጠረ፤ መስክ የሚወጡት በአብዛኛው ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ብርድና ዝናብ የማይበግራቸው ወታደሮች ነበሩ። መሣሪያው ሳይቀር በየሙያው ተሠራ፦ የመለኪያውን ሰንሰለት ሽቦ ሠሪ፣ የኮምፓሱን መርፌ ሰዓት ሠሪ፣ ማቀፊያውን እንጨት ሠሪ። ወታደሩ ሰንሰለቱን ዘርግቶ ርቀቱንና አቅጣጫውን መዝገብ ላይ ከማስፈር ያለፈ ሥራ የለውም። ካርታውን የሚያወጡት መሬቱን በዓይናቸው ያላዩ የደብሊን ጸሐፊዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሕተትና ማጭበርበር የሚያሸቱ ጥቂት ንቁ ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። የተለካው ሁሉ በካርታ ላይ ስለ ሰፈረ ሥራው «ዳውን ሰርቬይ» (በካርታ የሰፈረ ቅየሳ እንደ ማለት) ተባለ።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ያለ አገሬው ሰው አንድ ስንዝር አይራመድም። ወሰኑ በየትኛው ጅረት፣ በየትኛው ጉብታ እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መሬቱ የሚነጠቅበት ሰው ወይም ጎረቤቱ ለቀያሹ ድንበር እየጠቆመ አብሮት ይሄዳል። ከዚህ የባሰ የሥራ ባልደረባነት ማሰብ ይከብደኛል። እጃቸውን ያልሰጡ የአየርላንድ ሸማቂዎች በበኩላቸው በ1655 በኪልዴር አውራጃ 8 ቀያሾችን ይዘው ገደሉ።

ቅየሳው በ1656 ተጠናቀቀ። ብዙ ወታደር ግን በተለካው መሬት ላይ አልሰፈረም፤ የድርሻ ወረቀቱን በርካሽ ለመኮንኖቹ ሸጠ። ፔቲ ራሱ ግን በኬሪ አውራጃ ሰፊ ርስት ያዘ።

ከዋናዎቹ ካርታዎች ከፊሉ በ1711 በደብሊን ተቃጠለ፤ የተረፈው በ1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ጠፋ። በ1707 ወደ ለንደን በባሕር ሲጓዝ በፈረንሳዮች የተማረከ አንድ ቅጂ ግን ዛሬም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።